ሕግ ከዛፍ ጥላ ወደ ወረቀት፦ ጽሑፍ ቃላዊ ባህልን ምን ያደርገዋል?

በዲሴምበር 2024 ዩኔስኮ የፓራጓይ ዋና ከተማ አሱንሲዮን ላይ ባደረገው ጉባኤ ሔር ኢሴን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አሰፈረ። ሔር ኢሴ የኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ ነው። ማመልከቻውን ያቀረቡት ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ ነበር። ሕጉ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ማኅበረሰቡ 44 ሽማግሌዎች ተሰብስበው የደነገጉት ነው ይላል። ዳኞቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይፈርዳሉ።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት አስተያየት ይመጣል። አንዱ «ተመዘገበ፣ ከእንግዲህ አይጠፋም» ይላል። ሌላው «ወረቀት ላይ ከወጣማ አለቀለት» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ሳይጠይቁ ያልፋሉ። የሚጻፈው ነገር ድሮ በቃል ሲኖር እንዴት ነበር የሚኖረው? መልሱ ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃላዊ ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃላዊ ባህል የምንለው ሕጉን፣ ታሪኩን፣ የዘር ሐረጉንና ግጥሙን በዋናነት በአንደበትና በትዝታ የሚያቆየውን ባህል ነው። ፊደል የለውም ማለት ግን አይደለም። በኢትዮጵያ ደገኛው አገር ጽሑፍ ከገባ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያም ሆኖ የቅኔ ተማሪ ቅኔን የሚማረው ከመምህሩ አፍ ነው። ዳዊት ብራና ላይ ተጽፎ ሳለ በቃሉ የሚደግመው ሰው ሞልቷል። ፊደልና አንደበት አንድ ቤት ውስጥ ለዘመናት አብረው ኖረዋል።

በቃል የሚያዘው ነገር ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ አንዲት ቃል ሳትዛነፍ እንዲያዝ ይጠበቃል። ዳዊት እንዲህ ነው፤ ቁርኣን እንዲህ ነው። ሌላው ደግሞ እንደ ጊዜውና እንደ ጉዳዩ እየተስተካከለ የሚነገር ነው። የዘር ሐረግ፣ የአገር ታሪክና ባህላዊ ሕግ በአብዛኛው ከዚህኛው ወገን ናቸው። የእኔ ግምገማ ይህ ነው፦ ጽሑፍ ሲመጣ የመጀመሪያው ብዙም አይጎዳም፤ ክፉኛ የሚነካው ሁለተኛው ነው። ሶማሌዎች ሁለቱንም ስላላቸው ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ጥርት ብሎ ይታያል።

ግጥሙ ፊደሉን እንዴት ተቀበለው?

የሶማሊኛ ቋንቋ እስከ 1972 ድረስ አንድ የጋራ የመንግሥት ጽሕፈት አልነበረውም። ሙከራዎች ግን ነበሩ። በዓረብኛ ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ዑስማኒያ የሚባለውን ፊደል ከራሱ ፈጥሮ ነበር። ክርክሩ ለዓመታት ዘለቀ። የላቲን ፊደል ተቃዋሚዎች «ላቲን ላ ዲን» ይሉ ነበር፤ ላቲን ሃይማኖት የለሽነት ነው ለማለት። በመጨረሻ የሲያድ ባሬ መንግሥት በጥቅምት 1972 ለላቲኑ ወሰነ። በ1974 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን አርብቶ አደሩን ለማስተማር ገጠር ወጡ። ዘመቻው የገጠመው ዳባዴር ከተባለው ከባድ ድርቅ ጋር ነበር፤ ብዙው ሥራ ወደ ዕርዳታ ዞረ።

ያኔ የነበረው ሥጋት የሚገባ ሥጋት ነው። የሶማሌ ግጥም የፖለቲካም፣ የዕርቅም፣ የጦርነትም መሣሪያ ነበር። ሰው ማንበብ ሲጀምር ማስታወስ ያቆማል፤ ማስታወስ ሲቆም ግጥሙ ይሞታል የሚል ፍርሃት ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት የግጥሙን አሠራር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በጋበይ፣ ረጅምና ክብደት ያለው የግጥም ዓይነት ነው፣ ገጣሚው አንድ ድምፅ ይመርጣል። «ደ» ከመረጠ ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢሆን እንኳ በየስንኙ በ«ደ» የሚጀምር ቃል መግባት አለበት። ምጣኔውም ጥብቅ ነው። አንድ ቃል ቢዘለል ወይም ቢቀየር ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። አቅራቢው ደግሞ ግጥሙ የማን እንደሆነ መናገርና ቃሉን ሳይለውጥ ማድረስ ግዴታው ነው። በሌላ አነጋገር፣ ይህ ግጥም ያለ ወረቀትም የተጻፈን ያህል ነበር። ባለቤቱ ይታወቃል፤ ቃሉም አይነካም።

ስለዚህ ፊደሉ ሲመጣ የሚያፈርሰው ብዙ ነገር አላገኘም። ይልቁንም ጠቀመ። ሼኽ ጃማዕ ዑመር ዒሴ ለዓመታት ከሽማግሌዎች አንደበት የሰበሰቧቸው፣ የታወቁት ገጣሚና የፀረ ቅኝ ግዛት ተዋጊ የሰይድ ሞሐመድ አብዲሌ ሐሰን ግጥሞች በ1974 ሞቃዲሾ ላይ ታተሙ። ሰይዱ ከሞቱ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ገጣሚው ሞሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ በቅጽል ስሙ ጋሪዬ፣ በ1976 በጋዜጣ ላይ የሶማሌን ግጥም ምጣኔ ሕግ አብራርቶ ጻፈ። ስንኙ የሚለካው አጭርና ረጅም አናባቢዎችን በመቁጠር መሆኑን አሳየ። ገጣሚዎቹ ያንን ሕግ ለዘመናት በጆሯቸው ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሕጉ ይሄ ነው ብሎ በዝርዝር ያስቀመጠው ግን አልነበረም። አዲሱ ጽሕፈት ረጅሙን አናባቢ በድርብ ፊደል ስለሚያሳይ፣ ቆጠራውን በዓይን ለማየት ሳይረዳ አልቀረም።

ከዚያም በላይ የሚገርመው በ1979 የተጀመረው ዴሌይ ነው። ዴሌይ የግጥም ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሁሉም በ«ደ» ድምፅ። ጋሪዬ ጀመረው፤ ሀድራዊና ሌሎች ብዙ ገጣሚዎች ገቡበት። በጎሰኝነትና በአገዛዙ ላይ የተደረገ ትልቅ የፖለቲካ ክርክር ነበር። ይህ የሆነው ፊደሉ ከታወጀ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። ገጣሚዎቹ የተማሩ፣ መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ክርክሩ አገር ያዳረሰው ግን በካሴት ነው። ማተሚያ ቤት በመንግሥት እጅ ነበር፤ ቴፕ ግን እያንዳንዱ ሻይ ቤት ውስጥ አለ። ሰው የሚሻለውን መንገድ ይመርጣል። ፊደል ማወቁ በአንደበት መናገሩን አላስቆመውም።

እየተስተካከለ የሚኖረው ሲጻፍ

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ። በናይጄሪያ የቲቭ ሕዝብ ዘንድ የዘር ሐረግ ትልቅ ጉዳይ ነው። መሬት፣ ጋብቻ፣ ክስ፣ ሁሉም በእሱ ይዳኛል። የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳዳሪዎች ይህን አይተው የዘር ሐረጉን ሰብስበው ጻፉት፤ ለፍርድ ቤት ይጠቅማል ብለው። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ጭቅጭቅ ተነሣ። ቲቮች «የተጻፈው ስህተት ነው» አሉ። ሹማምንቱ ደግሞ «ስህተቱ የእናንተ ነው፣ ማስረጃው ይኸው» አሉ።

አንትሮፖሎጂስቷ ላውራ ቦሃናን እንዳሳየችው ማንም አልዋሸም። በቲቭ ዘንድ የዘር ሐረግ የሞቱ ሰዎች ዝርዝር ብቻ አልነበረም። ዛሬ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ከማን እንደሚጋራ የሚያስረዳ ነው። ቤተሰብ ሲቀላቀል፣ ጎረቤት ሲለወጥ ሐረጉም ሳይታወቅ አብሮ ይስተካከላል። ወረቀቱ ግን ያለበት ቆመ።

በሰሜን ጋና የጎንጃ ሕዝብ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የግዛቲቱ መሥራች ንዴውራ ጃክፓ ሰባት ልጆች ነበሩት ይባል ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አውራጃ ገዛ። ከ60 ዓመት በኋላ ተመራማሪ ሲመጣ ልጆቹ አምስት ሆነው አገኛቸው። በመካከሉ ከአውራጃዎቹ ሁለቱ ጠፍተው ነበር። ከአውራጃዎቹ ጋር ልጆቹም ከታሪኩ ወጡ። የመጀመሪያው ቅጂ ባይጻፍ ኖሮ ይህን የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር።

ጃክ ጉዲ የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር ይህን፣ ቃላዊ ማኅበረሰብ የራሱን ሚዛን የሚጠብቅበት መንገድ ነው ይለዋል። የማያስፈልግ ነገር ይረሳል፤ የሚያስፈልገው ይቀራል። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ችግር ነው። አብሮ ለመኖር ለሚፈልግ ማኅበረሰብ ግን ትልቅ ጥበብ ነው። ብዙ የድንበርና የደም ጠብ የሚበርደው ሰው እያወቀ ጭምር ስለሚረሳ ነው። ወረቀት አይረሳም። የቆየ ቂምም ካለበት ሆኖ ይጠብቃል።

ሕግ ሲጻፍ ብዕሩ ማን እጅ ነው?

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ባህላዊ ሕግ ሲጻፍ ጸሐፊው አንድ ሰው መጠየቅ አለበት። ማንን ይጠይቃል? ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ወንዶችን።

በደቡብ አፍሪካ የናታል ቅኝ አስተዳደር በ1878 የዙሉዎችን ባህላዊ ሕግ በጽሑፍ አወጣ፤ በ1891 ደግሞ አጽንቶ ደነገገው። በዚያ ሕግ ሴት ዕድሜዋ ምንም ያህል ቢሆን በወንድ ሞግዚትነት ሥር ያለች አካለ መጠን ያልደረሰች ሰው ሆና ተቆጠረች። በተግባር ግን ሴቶች በቤታቸው፣ በከብታቸው፣ በእርሻቸው ላይ የነበራቸው ድርሻ ከዚህ የሰፋና እንደ ቦታው የሚለያይ ነበር። ያ ሁሉ ልዩነት በአንድ አንቀጽ ተዘጋ። ወረቀቱ ባህሉን ብቻ ሳይሆን የጠያቂውንና የመላሹን ፍላጎትም ይዞ ወጣ።

ቋጠሮው የተፈታው ዘግይቶ ነው። በ2004 የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሁለት ሕፃናት እህትማማቾችን ጉዳይ አየ። አባታቸው ሲሞት በተጻፈው ባህላዊ ሕግ መሠረት ውርሱ የሚሄደው ለአባትየው አባት ነበር፤ ወራሽ ወንድ መሆን አለበትና። ፍርድ ቤቱ ደንቡን ከእኩልነት መብት ጋር ስለሚጋጭ ሻረው። አብሮም አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስቀመጠ፦ በመጽሐፍ የሰፈረ ባህላዊ ሕግ አለ፤ ሕዝቡ የሚኖርበት ባህላዊ ሕግ ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ደርቆ ቀርቷል፤ ሁለተኛው እየተለወጠ ነው።

ይህን ወደ እኛ አካባቢ እናምጣው። በብዙ ሶማሌዎች ዘንድ የደም ካሳ፣ ማግ ወይም ዲያ የሚባለው፣ ለወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50 ግመል ነው ይባላል። በተግባር ግን ሽማግሌዎቹ ብዙ ነገር ያያሉ። ሆን ተብሎ ነው ወይስ በስህተት? የገዳይ ወገን ይችላል ወይስ ድሃ ነው? ድርቅ ነው? ግመሉ በብር ይታሰባል፣ በጊዜ ይከፈላል፣ ከፊሉ ይማራል። ቁጥሩ የክርክሩ መነሻ ነው። አንድ ሰው «100» እና «50» ብሎ ደንብ አድርጎ ቢጽፈው መነሻው መድረሻ ይሆናል። የሴት ሕይወት ግማሽ ነው የሚለውም ነገር ለነገ ክርክር ክፍት መሆኑ ቀርቶ አንቀጽ ይሆናል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ጽሑፍ ይጠቅማል የሚሉትስ?

የሌላው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። እየተስተካከለ የሚኖር ሕግ ለሁሉም እኩል አይስተካከልም። ብዙ ዘመድ ያለው፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነ፣ ከሽማግሌው ጋር የሚጠጋጋ ሰው ይጠቀማል። መበለት፣ ድሃና ከትንሽ ጎሳ የተወለደ ሰው ዛፉ ሥር ድምፁ አይሰማም። ለእንዲህ ያለው ሰው የተጻፈ ነገር መያዣ ነው፤ «ባለፈው ለእገሌ እንዲህ ፈርዳችሁ ነበር» ብሎ መሟገት ይችላል።

ሁለተኛው ክርክር የትውልድ ነው። ሔር ኢሴን ያወቁ ሰዎች ያወቁት ከአባቶቻቸው ጋር ሸንጎ ተቀምጠው ነው። ድሬዳዋ ወይም ጅቡቲ ከተማ ያደገ፣ ከዚያም አልፎ አውሮፓ የተወለደ ልጅ ይህ ዕድል የለውም። ትምህርት ቤት የልጁን ቀን ይወስዳል። ሽማግሌው ሲሞት ተተኪ የለም። ብዙ ጊዜ ፊደል ገደለው የሚባለውን ባህል በእርግጥ ያዳከመው ይህ የጊዜ ሰሌዳ ነው።

ሦስተኛው የመንግሥት ሕግ ነው። የ1960ው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 እሱ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩ ልማዳዊ ደንቦችን በሙሉ ተክቷል። ያልተጻፈው ሕግ በተጻፈው ፊት አቤት የሚልበት ደብተር አልነበረውም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ እስከፈቀዱ ድረስ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ፈቀደ። ኦሮሚያ ክልል በ2021 የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል። እውቅና የሚገኘው በወረቀት ቋንቋ ከሆነ፣ አልጻፍም ማለት ከመድረኩ መውጣት ሊሆን ይችላል።

አስተሳሰብንስ ይለውጣል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ቀለም ፈሶበታል፤ እዚህ ባጭሩ እንለፈው። ሶቪየታዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና 1932 ኡዝቤኪስታን ውስጥ ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎችን እንቆቅልሽ ጠየቀ። «በረዶ ባለበት ሰሜን አገር ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው። እገሌ የሚባል ቦታ በሰሜን ነው፣ በረዶም አለው። ድቡ ምን ቀለም አለው?» ከመላሾቹ አንዱ ያላየውን አልናገርም አለ። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ማንበብ የማይችል ሰው ረቂቅ ነገር ማሰብ አይችልም አሉ። ግን መልሱ የምስክርነት ጨዋነት ነው፤ ያላየውን የማይመሰክር ሰው አላዋቂ አይባልም።

በ1970ዎቹ ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል ላይቤሪያ ውስጥ የቫይ ሕዝብን አጠኑ። ቫይዎች በ19ኛው መቶ ዓመት ራሳቸው የፈጠሩት ፊደል አላቸው፤ ከትምህርት ቤት ውጪ ቤት ውስጥ ነው የሚማሩት። ጥናቱ ፊደል ማወቅ ብቻውን አጠቃላይ አስተሳሰብን እንደማይለውጥ አሳየ። ምክንያትን በቃላት የማብራራት ልማድ የሚመጣው ከትምህርት ቤት ነበር። ፊደል መሣሪያ ነው፤ ለውጡ የሚመጣው ሰው በመሣሪያው ከሚሠራው ሥራ ነው።

አሁን የሚታየው አቅጣጫ

የዩኔስኮ ምዝገባ ራሱ የሚጀምረው በወረቀት ነው። አገራት ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይሞላሉ፤ ቅርሱ በአገር ውስጥ የቅርስ ዝርዝር መግባቱን ያሳያሉ፤ ፎቶና አጭር ፊልም ያያይዛሉ። ሔር ኢሴም ከምዝገባው በፊት ሳይጻፍ አልቆየም። የጅቡቲው ምሁር አሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚህ ሕግ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ካወጡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ግመል የሚጠብቅ ሰው ግን ያንን መጽሐፍ አያነብም። ስለዚህ የመጀመሪያው አደጋ ሕጉ መጻፉ ሳይሆን ባለቤቱ በማያነበው ቋንቋ መጻፉ ነው። ነገ ሽማግሌውን «ሕጉ እንደዚያ አይልም» ብሎ የሚያርመው ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የልጅ ልጁ ይሆናል። ሥልጣኑ ከሚያስታውሰው ወደሚያነበው ሰው እጅ በዝምታ ይሻገራል።

ድምፅ እንቅረፅ የሚለው አማራጭ የተሻለ ነው፤ ግን ነፃ አያወጣም። በቴሌግራም የተላከ የአንድ ሽማግሌ ንግግርም እንደ ወረቀት ይቆማል። በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ለአንድ ቤተሰብ ብሎ የተናገረው ነገር ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ማስረጃ ሆኖ ይወጣል።

የተሻለ መንገድ የሚያሳየን የቦረና ገዳ ይመስለኛል። ገዳ በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቦረናዎች ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ያስተላልፋሉ። ጉሚ ጋዮ የሚባለው ትልቁ ጉባኤም በየ8 ዓመቱ ተሰብስቦ ሕጉን ይመረምራል፣ የሚሻሻለውን ያሻሽላል፣ እንደገና ያውጃል። ሕጉ እንዲለወጥ የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ቦታና የታወቀ ጉባኤ አለው። እዚህ ላይ ጽሑፍ ብዙ አይጎዳም። የተጻፈው የዚያ 8 ዓመት ሕግ ነው፤ ቀጣዩ ጉባኤ ሲቀመጥ ሊሻር ይችላል።

ይህ ለባህል ፍርድ ቤቶችም ሆነ ሔር ኢሴን ለሚሰንዱ ሰዎች የሚሆን ተግባራዊ ነገር አለው። ከደንቡ ይልቅ ጉዳዩን መጻፍ፦ ማን ከሰሰ፣ ምን ተባለ፣ ማን ተቃወመ፣ ለምን ይህ ተወሰነ። ሽማግሌዎች ሲለያዩ ሁለቱንም ሐሳብ ማስፈር። ሴቶችን ለብቻ ተቀምጦ መጠየቅ። ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ወገን መግለጽ። ቅጂውን በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ አዘጋጅቶ እዚያው ማኅበረሰቡ ዘንድ ማስቀመጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጽሑፉና የሸንጎው ቃል ሲጋጩ የሚጸናው የትኛው እንደሆነ ገና ሲጻፍ መወሰን። ዳኛው ከዓመታት በፊት ከተያዘ ማስታወሻና ፊቱ ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱን መምረጥ ሲኖርበት፣ ማስታወሻው ራሱ «እነሱን ጠይቅ» ብሎ የሚጀምር መሆን አለበት።